ዜማ፦ የሕዝብ

የሚስቴ ወንድም ዜማዬን ወሰደብኝ። ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ያስተማርኩትን ዜማ አዲስ አበባ ይዞት ሄዶ ካሴት አወጣበት፣ ታወቀበት፣ እንጀራ በላበት። እኔ ደብረ ታቦር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የራሴን ዜማ በተጫወትኩ ቁጥር «የእሱን ዘፈን ተጫወትክ» ተባልኩ። በደሉ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

የተወለድኩት ከአዝማሪ ቤት ነው። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። በሠርጋቸው ይጠሩናል፣ ግንባራችን ላይ ብር ይለጥፉልናል፣ ግጥም እየሰጡ ያዘፍኑናል፣ አብረውን ይስቃሉ። ልጃቸውን ግን አይድሩልንም። የምንጋባው እርስ በርሳችን ነው። አባቴ ቁራሽ መሬት ነበረችው፤ ገብስ እንኳ አኩርፎ የሚበቅልባት ድንጋያማ። ትምህርት ቤት ማን ይላከኝ? «የአዝማሪ ልጅ ፊደሉ ጭራው ነው» ይል ነበር፤ የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ማለቱ ነው። አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ስሜን መጻፍ አላውቅም ነበር። ቀበሌ ስጠራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እመለሳለሁ።

ዜማው የመጣልኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴን ያመኝ ጀመረ። ጨው አሰርኩበት፣ ታሸሁ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፤ አልሆነም። «ፍል ውሃ ግባ» አሉኝ። ከሐሙሲት ወዲያ በሰው በቅሎ ተጭኜ ወረድኩና አሥራ አራት ቀን ተቀመጥኩ። የኔ ተራ እስኪደርስ ከገንዳው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በሽተኛውን አያለሁ።

ሰው ፍል ውሃ ሲገባ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ እግሩን ይነክራል፣ «እስስ» ይላል። ከዚያ እስከ ጉልበቱ። ከዚያ እስከ ወገቡ። ያጉተመትማል፣ ይሳደባል፣ የመድኃኔ ዓለም ያለህ ይላል። ውሃው ደረቱን ሲነካው ግን ትንፋሹን ይይዛል። ዝም። ባለሀብቱም፣ ቄሱም፣ እኔም እዚያች ላይ ስንደርስ አንድ ነን፤ ዓይናችን ፈጥጦ፣ አፋችን ተከፍቶ፣ ዝም። ከዚያ ትንፋሹ ይለቀቅና ሰውየው ውሃው ውስጥ ይቀልጣል።

ያንን ነው ማሲንቆዬ ላይ ያስቀመጥኩት። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነው። ዜማው እየተንተፋተፈ በደረጃ ይወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ ደጋኑን ከጭራው ላይ ጨርሼ አነሣዋለሁ። ምንም የለም። አንድ የሰው ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ደጋኑ ሲወርድ ዜማው ይፈስሳል። ለዚያች ዝምታ ቦታ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ቀድማ ከመጣች ስህተት ትመስላለች፣ ከዘገየች ሰው ይሰለቻል። እግሯ ያበጠ አንዲት የእስቴ ሴት ነበረች፤ «ያችን ካልተጫወትክልኝ አልገባም» ትለኝ ነበር። ጉልበቴ አልዳነም። ዜማው ግን ተሠርቶ ወጣ።

የሚስቴ ወንድም ያን ጊዜ እኛ ቤት ነው የሚኖር። ከእብናት፣ ከእናቱ ቤት መጥቶ ከኔ ጋር ሠርግ ለሠርግ ይዞር ነበር። ድምፁን እግዜር ሰጥቶታል፤ ይህን አልክድም። የኔ ድምፅ የበሬ ነው። እሱ ሲዘፍን እኔ ስመታ ያምርብን ነበር። ዜማውን አስተማርኩት። ሁሉንም በሁለት ቀን ያዘው፤ ዝምታዋ ላይ ሲደርስ ግን ይቸኩላል።

«እዚህ ላይ ደጋኑን አንሣ» እለዋለሁ።

«አነሣሁ እኮ።»

«አንሥተህ መልሰህ ጣልከው። ቆይ።»

«ምን ያህል ልቆይ?»

«ፍል ውሃ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሂድና ገብተህ ና።»

ይስቃል። አልሄደም። በዓመቱ «አዲስ አበባ ሄጄ ዕድሌን ልሞክር» አለ። ሚስቴ ዳቦ ቆሎ ሰነቀችለት። እኔ ሁለተኛውን ማሲንቆዬን ሰጠሁት። ራሴ ነኝ የሰጠሁት።

ካሴቱ የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። ገበያ ቀን ነበር። ጨው ገዝቼ ስመለስ አንድ ካሴት ቤት ደጃፍ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዜማዬ ይወጣል። ቆምኩ። በደረጃ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ካሴቱ ግን አልያዘም። ዝምታዋ ባለችበት ቦታ ኦርጋን ገብቶ ይርመሰመሳል፣ ጭብጨባ ገብቶ ይንጫጫል። ሞልተዋታል። ጉድጓድ መስሏቸው ሞልተዋታል።

ባለሱቁ ያውቀኛል። «ምን አፍህን ከፍተህ ትቆማለህ!» አለኝ። «የሚስትህ ወንድም እኮ ናቸው! ጉድ አፈሉ!»

ልብ በሉ፤ እኔን አንተ ነው የሚለኝ። እሱን፣ ከኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሰውን፣ አንቱ አለው። ለካሴት አንቱ ይባላል ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ሚስቴን ጠየቅኋት። እሷ አስቀድማ ሰምታዋለች፤ ከፊቷ ታስታውቃለች።

«ዜማው የማን ነው?» አልኳት።

«የአንተ ነው።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያውማ ወንድሜ ነው። ምን ልታደርገው ነው? ልትከሰው? ከከሰስከው እኔ እናቴ ፊት እንዴት ልቁም? እሷ እስክታልፍ ተወው። ባክህ፣ በኔ ሞት፣ ተወው።»

ተውኩት። ሚስቴ በሕይወቷ ብዙ ነገር ለምናኝ አታውቅም። አማቴ ያን ጊዜ አርጅታ ነበር፤ ዕድሜዋ አጭር መስሎኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ኖረች። ይህን መጻፌ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እውነት ስለሆነ ግን ጻፍኩት።

ቀጥሎ የመጣው ከስርቆቱ የባሰ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለአንድ ሠርግ ተጠራሁ። ሙሽራው ካሴቱ ላይ ያለውን ዘፈን ጠየቀ። ተጫወትኩት፣ የኔን፣ እንደ ሠራሁት። ጫፉ ላይ ስደርስ ደጋኔን አነሣሁ። እስክስታ የሚወርዱት ሰዎች ትከሻቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዷ ሚዜ ተደናቅፋ ጠላ የያዘ ሰው ላይ ወደቀች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

የሙሽራው አጎት፣ ሞቅ ያለው ሰውዬ፣ «ምነው፣ ጭራህ ተበጠሰ እንዴ?» አለኝ።

«አልተበጠሰም።»

«ታዲያ ምን ገተረህ? ሰውየው እንዲህ አይጫወቱትም።»

«ሰውየውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አፌ ሳይቀድመኝ ብተወው ይሻለኝ ነበር።

አጎትየው ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ስሙ ወገኖች! ይኼ ነው አሉ ያስተማራቸው! እኔም መኪና የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጎማው ብቻ ነው የቀረኝ!»

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አዝማሪ ሠርግ ላይ አይቆጣም፤ ከተቆጣ ለሚቀጥለው ሠርግ አይጠራም። «እንደ ካሴቱ! እንደ ካሴቱ!» ብለው ጮኹ። ከመጀመሪያው ጀመርኩና ዝምታዋ ላይ ስደርስ በደጋኔ ሞላኋት። በኦርጋኑ ልክ አርመሰመስኳት። ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉ። እሱ አንድ ጊዜ ገደላት፤ እኔ ከዚያ በኋላ በየሠርጉ ስገድላት ኖርኩ።

ሌላ ዜማ ብሠራስ? ሠርቻለሁ። ሦስት ሠርቻለሁ። ማን ይሰማዋል? ዳስ ውስጥ ገብቼ ማሲንቆዬን ሳስተካክል «ያችን!» ይላሉ። ሌላ ስጀምር «ተው፣ ያችን!» ይላሉ። ጋኑ ውስጥ እንደ ገባች አይጥ ነበርኩ፤ ጋኑን ደግሞ የሠራሁት ራሴ ነኝ። በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እስኪ እንደ ዱሮው ልጫወታት ብዬ ያዝኩ። ጫፉ ላይ ስደርስ እጄ አልቆመም። አልፎ ሄደ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልፎ ሄደ። ሦስተኛ ሞከርኩና ማሲንቆውን አልጋ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ንዴት ነው። ሰው ልጆቼ ስላስቸገሩኝ፣ ወይ ዳዊት መድገም አምሮኝ ይመስለዋል። አይደለም። ካሴቱን ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ሽፋኑ ላይ የሱ ፎቶ አለ፤ ካባ ለብሶ፣ የኔን ማሲንቆ ይዞ። ከጀርባው ደቃቅ ጽሑፍ አለ። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዜማውን የኔ ነው ብሎ ስሙን ጽፎበታል ብዬ አምን ነበር። ለሌላ ሰው ሰጥቼ እንዳላስነብበው አፈርኩ፤ ሰውየው ቢስቅብኝስ? ስለዚህ ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ተመዘገብኩ። የተቀመጥነው የሕፃናት አግዳሚ ላይ ነው፤ ያ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም ነበር። መምህራችን የልጄ እኩያ ናት። «አባባ፣ ‹ዜ› እግሩ ወዴት ነው?» ትለኛለች፤ እኔ ላቤ ይንቆረቆራል። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ሽፋኑን አወጣሁና ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ግጥም፣ የሱ ስም። አቀናባሪ፣ የማላውቀው ሰው ስም። ከዚያ «ዜ፣ ማ» አልኩ። ዜማ። ጣቴን አሻገርኩ። «የ፣ ሕ፣ ዝ፣ ብ።» የሕዝብ። ደግሜ አነበብኩት። ሚስቴን ጠርቼ «ሕዝብ ማለት ነው አይደል ይኼ?» አልኳት። እሷ ማንበብ አትችልም።

አልዋሸም ነበር። የኔ ነው አላለም። የእህቴ ባል ነውም አላለም። ለሁሉም ሰው ሰጠው። ዘጠኝ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሠራሁትን ለሊቦውም፣ ለእስቴውም፣ ለእብናቱም አከፋፈለው፤ እኔም እንግዲህ ሕዝብ ስለሆንኩ የድርሻዬን አገኘሁ።

ለሚስቴ የገባሁላትን ቃል አጥፌ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ዘንድ ሄድኩ። ክስ አይደለም፣ ማመልከቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሽፋኑን አገላበጠው።

«ከሳሽ እርስዎ» አለ። «መልካም። ተከሳሽ ማነው?»

«እሱ ነዋ፣ ፎቶው ላይ ያለው።»

«እሱማ የኔ ነው አላለም። የሕዝብ ነው ብሏል። ሕዝቡን እንክሰስ እንዴ? መጥሪያውን ማን ያደርሳል?»

ጎኑ የተቀመጠው ሌላው ጸሐፊ ሳቀ። «ለኔም አንድ መጥሪያ ቁረጥልኝ፤ እኔም ሕዝብ ነኝ!»

«ምስክር አለዎት?» አለኝ የመጀመሪያው፣ ሳቁን ውጦ።

ወንዛዬ የነበሩት በሽተኞች ግማሹ ሞተዋል፤ ግማሹን አላውቃቸውም። ምስክሬ ሚስቴ ናት። ሚስቴን በወንድሟ ላይ ላቁማት ነው? ሽፋኑን ተቀብዬው ተነሣሁ። ሰውየው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የድካሙን አልተቀበለኝም።

ዝምታዋን ለእጄ ለማስታወስ ወንዛዬ ተመልሼ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በየዓመቱ መሄድ ጀመርኩ። ውሃው ውስጥ ገብቼ ደረቴን ሲነካኝ እቆጥራለሁ፤ ወጥቼ ማሲንቆዬን አነሣለሁ። በሁለተኛው ዓመት እጄ ቆመ። ያን ቀን ልክ ደጋኔ አየር ላይ እንዳለ አንዲት ወጣት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ከዓረብ አገር ገና መመለሷ ነው፤ እናቷን ልታስታምም የመጣች። ዜማው ካለቀ በኋላ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ያችን ዘፈን ጅዳ እያለሁ፣ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በቀን አሥር ጊዜ እሰማት ነበር። እሷ ባትኖር አብድ ነበር። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር የረሱ መሰለኝ።»

«የቷ ጋ?»

«ይኸው፣ እዚህች ጋ።» ስልኳን አወጣችና የካሴቱን ዘፈን ከፈተችልኝ። ኦርጋኑ ሲገባ በጣቷ አየሩን ወጋች። «ይችን! ይችን ትተዋታል። እንደገና ላሰማዎ?»

ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። አስተማረችኝ። ምን ልበላት? ልታብድበት የነበረውን ቤት ያስቻላት ያ ኦርጋን ነው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

አማቴ በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እብናት ሞተች። ለቀብሯ የሚስቴ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። ሃያ ዓመት ያህል ዓይን ለዓይን አልተያየንም ነበር። ወፍሯል፣ ድምፁ ተቆርጧል፤ ያ እግዜር የሰጠው ድምፅ ጎርነን ብሎ የሰው ሆኗል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከሰው ነጥሎኝ ከግራር ሥር ቆምን።

«ዝምታዋን አውቃት ነበር» አለኝ። «እኔ አይደለሁም ያወጣኋት። ስቱዲዮው ‹ባዶ ቦታ አይሆንም፣ ካሴቱ የተበላሸ ይመስላል› አለኝ። ልጅ ነበርኩ። እሺ አልኩ።»

«ስሜንስ?»

መሬት መሬት አየ። «የአዝማሪ ስም ማን ያውቃል ብለው ነው ‹የሕዝብ› ያሉት። እሱንም እሺ አልኩ።»

«ይኼን ለኔ ብቻ አትንገረኝ» አልኩት። «በሰው ፊት በለው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብር አልፈልግም። በእናትህ ተዝካር፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ዜማው የሱ ነው በል።»

«እላለሁ» አለ። «እናቴን በሰማይ ያሳየኝ፣ እላለሁ።»

አርባ ቀን ጠበቅሁ። ምግብ አልበላልኝም። ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ እኔ ምን ብዬ እንደምመልስ፣ ያ የሠርጉ ሰውዬ ቢኖር ፊቱ ምን እንደሚመስል ሳስብ እውላለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰው፣ ሙሽራ መሰልክ» አለችኝ።

በተዝካሩ ቀን ዳሱ ሞልቷል። የተጣላ ዘመድ የተዝካር ጠላ አብሮ አይጠጣም፤ ስለዚህ ከምግቡ በፊት ሽማግሌዎቹ እኛን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። እሱ ከዳሱ ደጃፍ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት በኛ ዘንድ ከመግደል አይተናነስም።

ትልቁ ሽማግሌ «ተነሥተህ ይቅር በለው» አሉኝ።

«ይቅር እላለሁ፤ በምን እንደበደለኝ ይናገር» አልኩ።

እሱ ከድንጋዩ ሥር ድምፁን አወጣ። «ወንድሜን የበደልኩት... ያ ዜማ...»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት መቱ። «ተው! ተው አንተ! በደል ተዘርዝሮ ዕርቅ የለም። የተዘረዘረ በደል እንደገና ይወለዳል። እንዲህ ነው አባቶቻችን ያቆዩን። ‹በሆነው ሁሉ ይቅር በለኝ› በል።»

«አባቴ፣ ልጨርስ...»

«አትጨርስም! በሆነው ሁሉ!»

ቀና ብዬ አየሁት። መናገሩን መቀጠል ይችል ነበር። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ማንም አፉን አይይዘውም ነበር። ያየሁት ግን ትከሻው ሲወርድ ነው፤ ድንጋዩ ገና ላዩ ላይ እያለ የቀለለው መሰለ። «በሆነው ሁሉ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

«አንተስ?» አሉኝ ሽማግሌው። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሚስቴ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች፤ ጥቁር የለበሰችው ለእናቷ ነው። ሁለት መቶ ሰው ምግቡ ቀዝቅዞበት የኔን አፍ ይጠብቃል።

«ይቅር ለእግዜር» አልኩ።

ተሳሳምን። እንባ እንባ አለው፤ እኔን ግን አላለኝም። ሽማግሌው ይህን ነገር ዳግም ያነሣ ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ እንዲያገባ በየኑና ለሁለታችንም ዋስ ጠሩ። የኔ ዋስ ሚስቴ ናት። ከዚያ ወዲያ ለማንም አንሥቼው አላውቅም። ጻፍኩት፤ ጃንጥላውንም ገዝቼ አስገባለሁ።

ነገሩ አለቀ የተባለው ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው።